የአባባ ሰማንያ ስንኝ

ጥቅምት 6 ቀን 1973

ይህን ደብተር የገዛሁት ቅቤ የሚያመጡልኝን ገበሬዎች ስም ልመዘግብበት ነበር። ሦስት ገጽ ጽፌ ተውኩት። የቀረው ለዚህ ይሁን። ለሰው የማልናገረውን በሆዴ ይዤ መዞር ከበደኝ።

ዛሬ ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖም መጋዘናችን አልተከፈተም። ከቃሉ የመጡት ገበሬዎች ቅቤያቸውን በቅጠል ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለዋል። አንዱ ሽማግሌ፣ «ቅቤ ነበር ያመጣነው፣ በር እስኪከፈት ዘይት ሆነላችሁ» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነጋዴ ሲሰደብ መሳቅ አለበት።

ደጋግሜ ሳንኳኳ ታናሽ ወንድሜ ሀምዱ ከውስጥ ከፈተልኝ። ተኝቶ ኖሯል። የማር በርሜሉን ክዳን ሳይዘጋ አድሮ ንብ ወርሮታል። አልደነገጠም። «ቤታቸው እኮ ነው፣ የራሳቸውን ነው የሚበሉት» ብሎ ሳቀ።

«እማ ደህና ናት?» አለኝ። ደህና ናት አልኩት። ሚዛኑን ሳስተካክል «እማስ እንዴት ናት?» አለኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠየቀኝ።

መጋዘኑ ውስጥ የተቃጠለ እርጥብ ሣር የመሰለ ሽታ ነበር። ከጎረቤት የመጣ ይሆናል።

ጥቅምት 9

ሸህ አብዱልወሀብ ሆጤ ያለው ሱቄ ድረስ መጡ። አባባ፣ አባታችን ሸህ ሰይድ፣ ከሞተ በኋላ የቦሩ ሜዳውን ሐድራ፣ የመንዙማና የዚክር ጉባኤውን፣ የያዙት እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ መውሊድ ከክርስቲያኖቹ ከተራ ጋር በአንድ ቀን ይውላል አሉ፤ ጥር አሥር። «የነሱ ከበሮና የኛ ድቤ ይገጥማል ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደመጡበት ነገር ገቡ። የአባባን የናፍቆት መንዙማ ሀምዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማንያውንም ስንኝ እንዲያወርድ፤ ከመውሊድ በኋላም ለሌሎች እያስጠና ማስተላለፍ እንዲጀምር።

«ሀምዱ ዘንድሮስ ደህና ነው?» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አልኳቸው።

ለምን እንደጠየቁኝ አልጠየቅኳቸውም።

አባባ መንዙማውን ማንም እንዲጽፈው አልፈቀደም። «የተጻፈ ይሸጣል፣ በልብ የተያዘ ይወረሳል» ይል ነበር። የማውረዱን ፈቃድ የሰጠው ለሀምዱ ብቻ ነው። እኔ ያኔ ገበያ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ሐድራ ላይ ተቀምጬ ሰዎቹን ስንት ናቸው ብዬ ስቆጥር አየኝና፣ «የሱፍ፣ ሚዛንህን ውጭ ትተህ ግባ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 20

የሀምዱ ሚስት ሐዋ ልጇን አዝላ ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ መጣች። ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።

«አያ የሱፍ፣ ወንድምዎ ቤት አለ፤ ግን የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስናገረው ይሰማኛል። ወዲያው ይጠፋበታል። እንጨት ሊፈልጥ ይነሳና መጥረቢያውን ይዞ ቆሞ ይቀራል። ‹ምን ላደርግ ነበር?› ይለኛል። ‹ነገ› የማይለው ነገር የለም። ነገ ደግሞ አይመጣም።»

ጫቱን አብዝቶ ይሆናል አልኳት።

«ጫትማ ቢሆን ምን ነበረበት! ጫት የቃመ ሰው ያወራል፣ ዱዓ ያደርጋል። ይኸ ሌላ ነው። ከአሰብ የሚመጡት ሹፌሮች፣ ያ ብሩ የሚሉት፣ ሐሺሽ አስለምደውታል። ጠዋት ሳይቀምስ በፊት ያጨሳል። ማታም እንደዚያው።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያለፈውን ቅዳሜ ነገረችኝ። ልጅቷን ይዞ ቧንቧ ውኃ ሊቀዳ ሄዷል። ጀሪካኑን ተሸክሞ ተመለሰ። ልጅቷ ግን የለችም። «ሱመያስ?» ስትለው ወደ እጁ አየ። ጀሪካኑን አየ። «እዚህ ነበረች» አለ። ልጅቷን አንዲት ሴት የመኪናው መንገድ ዳር አግኝታ ይዛት ኖሯል።

«አፈር ስሆን፣ አያ፣ አይቆጡት» አለችኝ። «ያን ሌሊት ሲያለቅስ ነው ያደረው። በነጋታው ግን አጨሰ።»

ጥቅምት 21

ሥራ በዝቶ ኮምቦልቻ አልወረድኩም። ለቀበሌው ስብሰባም በኔ ፋንታ ሰው ላክሁ። ያ የመጋዘኑ ሽታ ከጎረቤት አልነበረም። ያን ቀንም ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም።

ሀምዱን ኮምቦልቻ የላክሁት ለደኅናው ነበር። አባባ ከሞተ በኋላ «መንዙማ እንጀራ አይሆንም» ያልኩት እኔ ነኝ። እውነትም አይሆንም። ሚስትና ልጅ አለው።

ጥቅምት 27

አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስደርስ ሀምዱ የማር በርሜል ላይ ተቀምጦ ግድግዳ እያየ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ሲያየኝ ደስ አለው። ደስታው ነው ያዘጋጀሁትን ያጠፋብኝ።

«ታጨሳለህ?» አልኩት።

«አጨሳለሁ።» አልዋሸም። ዋሽቶኝ አያውቅም።

«ስንት ጊዜ?»

አሰበ። ጣቶቹን ማጠፍ ጀመረና ተወው። «አላውቅም፣ አያ።»

«ልጅህን መንገድ ላይ ጥለህ መጣህ።»

«አውቃለሁ። እሱንስ መርሳት በቻልኩ።»

ቆይቶ ነገረኝ። እዚህ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት የሐሙስ ሐድራ ቀረበት፤ የሚቀበለው ሰው ስለሌለ መንዙማውን ብቻውን መጋዘን ውስጥ ያወርደዋል። በርሜል እየመታ። አንድ ቀን ብሩ መጥቶ ሰማውና «ድምፅህ የሚያስለቅስ ነው፣ ይህን ሞክር፣ ይከፍትልሃል» አለው። ሞከረ።

«አባባ መጣ፣ አያ። ወላሂ፣ ድምፁን እዚች ጆሮዬ ሥር ሰማሁት። ስንኙን ከፊት ከፊቴ እየሄደ ይነግረኝ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን መጣ። ከዚያ እየራቀ ሄደ። እንዲቀርብ ብዬ ነው የማበዛው።»

«አሁንስ ይመጣል?»

«አሁን ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማኝ። የሚለው አይሰማኝም።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። በሩ እንዳይጮህ ማጠፊያውን ዘይት ቅባው አልኩትና ወጣሁ።

ኅዳር 3

ቦሩ ሜዳ ሄጄ እንየውን አገኘሁት። ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነው፤ በልጅነታችን አብረን ከብት ያገድን ነን። የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ ጠየቅሁት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ሀምዱ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

እብደት አይደለም አለ። የሰው ሐሳብ እንደ ክር ነው፤ በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ክሩን የሚይዝበት ጣት ይላላል። አሁን የሰማውን አሁን ይጥለዋል። የመጀመርና የመጨረስ ፍላጎቱ ይሞታል፤ ስንፍና ይመስላል እንጂ ስንፍና ብቻ አይደለም። ድሮ ያወቀው አይጠፋበትም፣ ግን ካልደጋገመው መንገዱ ይዳፈናል።

«ይድናል?»

«ቢያቆም አብዛኛው ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አይተኛም፣ አይበላም፣ ይቆጣሃል። ቻለው። ብቻውን አትተወው፣ ወደዚያ ሰፈርም አትመልሰው። ሌላ መድኃኒት የለኝም።»

ለቀበሌ እንዳልናገርም መከረኝ። ያስሩታል እንጂ አያድኑትም አለ።

ስንለያይ «አየህ፣ ዘንድሮ በዓላችን በአንድ ቀን ነው» አለኝ። «ታቦት ከመሸኘቴ በፊት እናንተ ጋ ለምሳ እመጣለሁ፤ ሀምዱን ልስማው።»

ኅዳር 10

ሀምዱን ከነሚስቱ ወደ ደሴ አመጣሁት። ቤቴ ጓዳ አጠገብ ነው ያሉት።

ኅዳር 14

አልተኛም። ላብ ያጠምቀዋል። እማ የሰጠችውን ሾርባ መለሰው። «እስር ቤትህ ሰፊ ነው፣ አያ» አለኝ። 

ኅዳር 17

ሳህን ሰበረ። ከዚያ ስብርባሪውን እየለቀመ አለቀሰ።

ኅዳር 24

ዛሬ ቅቤ ስንደረድር ሳይታወቀው ማንጎራጎር ጀመረ።

*አንቱን ብዬ ወጣሁ ሌሊት ሳይነጋልኝ፣*
*እግሬ ቢሰነፍም ልቤ ቀደመልኝ።*

እጄ ላይ ያለውን ቅቤ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እማ ከጓዳ ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ ስንኝ ሳይደናቀፍ አወረደ። ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆመና «ቆይ፣ ይመጣል» አለ። ጥቂት ቆይቶ መጣ። አርባ ደረሰ። የሱቁ ደንበኞች ገንዘባቸውን እንደያዙ ቆመው ይሰማሉ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ቅቤ አመጣች። ሀምዱ ቅጠሉን ገለጥ አደረገና «እናቴ፣ በጉስ ደህና ነው?» አላት። ሴትዮዋ አፈረች፤ ሞራ ቀላቅላ ኖሯል። እንዳሸተተ ነው ያወቀው። እኔ ሳልቀምሰው አላውቅም ነበር። ሱቁ በሳቅ ሞላ፤ ሴትዮዋም ሳቀች።

ማታ ሐዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዘፍን ሰማኋት።

ኅዳር 28

ከወረባቦ ብዙ ማር ገብቷል። ኮምቦልቻ ያስቀመጥኩት ሰው ማር አይለይም። ሀምዱን ለሁለት ቀን ብቻ ልልከው ነው። ሀምዱ ራሱም «እሄዳለሁ፣ ድኛለሁ» ብሏል። ሐዋ ተቃወመች። ሴት ትፈራለች።

ታኅሣሥ 4

ሁለቱ ቀን ስድስት ሆነ። ዛሬ ተመለሰ። ዓይኑን ሳየው አወቅሁ።

ማሩ ደህና ነበር። ጥሩ ማር ነው።

እንየው ብቻውን አትተወው ብሎ ነበር። ብቻውን አልነበረም። ብሩ ነበረ።

ታኅሣሥ 11

መልሼ ልይዘው ሞከርኩ። በዚህኛው ጊዜ አይቆጣም። እሺ ይለኛል። እሺ ብሎ ይወጣል። ደሴም እንደሚሸጥ አላውቅም ነበር፤ እሱ ግን ያውቃል።

ታኅሣሥ 15

እማን ላስፈቅድ ጓዳ ገባሁ። ስንኙ ከመጥፋቱ በፊት ልጻፈው አልኳት። 

«አባታችሁ አይጻፍ ብሏል።»

«አባባ ይህን አላየም፣ እማ።»

ደብተሩን ተቀብላ አገላበጠችው። መሠረተ ትምህርት ገብታ ገና «መ» ላይ ነች። የቅቤ ሻጮቹን ስም በጣቷ ዳበሰች። «ከነዚህ ጋር ነው የምትጽፈው?»

«ሌላ ደብተር እገዛለሁ።»

«ተወው» አለችኝ። «የደብተሩ ነገር ምን ያደርጋል። ልጄን የላክኸው አንተ ነህ፣ የቀረውን አንተው ሰብስብ።»

ስትናገር ድምፅዋ አልጠነከረም። ቅቤ ስጠኝ እንደምትል ነው ያለችው።

ታኅሣሥ 22

በየጠዋቱ ሳያጨስ በፊት እቀድመዋለሁ። እሱ ይላል፣ እኔ እጽፋለሁ። ዐሥራ ሁለተኛውን ስንኝ ሦስት ጊዜ ነገረኝ፤ በየጊዜው አዲስ ያገኘ መስሎት ደስ ይለዋል። ሦስቴም ጻፍኩት። ሁለቱን ሲሄድ ሰረዝኩ።

ጥር 2

ሃምሳ ሦስት አሉን። ከዚያ ወዲያ ብጥስጥስ ነው፤ መነሻ አለ፣ መድረሻ የለም። የዜማውን መሄጃ በእጁ ያሳየኛል። ቃሉ የለም። «እዚህ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፣ አያ፤ እዚህ ላይ አባባ ያለቅስ ነበር።»

ጥር 8

ሸህ አብዱልወሀብ ሰው ላኩ፤ ከራያ ድረስ እንግዳ ይመጣል አሉ። ሀምዱ ሊያወርድ አይችልም፣ አሞታል ብዬ ልልክ ብዕሩን አነሳሁ። ሰው ምን ይላል? የሸህ ሰይድ ልጅ ሐሺሽ ለመደ ይላል። በኛ ስም ሰው ማርና ቅቤ ሳይቀምስ ይገዛል።

ኢንሻ አላህ ያወርዳል ብዬ ላክሁ።

ጥር 10

መውሊድ። ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፍ።

ረፋድ ላይ ነበር። ሐድራው እስከ ውጭ ሞልቷል። ሀምዱ ነጭ ለብሶ አባባ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠ። ጠዋት አላጨሰም፤ ምሎልኛል፣ አምነዋለሁ። ድምፁ እንደወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ድምፁ አልተነካም። ያ ነው ክፋቱ።

እስከ አርባ ስምንት ደረሰ። አርባ ዘጠነኛውን ጀመረ፤ ግማሹ ላይ ቆመ። ድቤው ጥቂት ጠበቀው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ በሰዎቹ መካከል እኔን ፈለገኝ። አርባ ዘጠነኛው ደብተሬ ውስጥ ነበረ፣ ደብተሩም ኪሴ ውስጥ። ተነሥቼ በጆሮው አንድ ቃል ብል ይበቃው ነበር። ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

እንባው ወረደ። ከዚያ በዝምታው ውስጥ ከኋላ አንድ ሰው፣ «ሓል ገባው!» ብሎ ጮኸ። ከጀሊሉ ዘንድ የመጣ መመሰጥ ነው ማለቱ ነው። «ያረሱለላህ!» አሉ ሁሉም። ሰው ተነሥቶ ያለቅሳል። ተሽቀዳድመው ትከሻውን ሳሙት፣ እጁን ሳሙት። የራያው ሸህ ተንበርክከው ጉልበቱን ያዙ። ሸህ አብዱልወሀብ ወደኔ ዞረው፣ «እንዳባቱ ነው! አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከታች ወንዙን ከሚከትሩት ሰዎች በኩል የከተራው ከበሮ ይሰማ ነበር። እማ ብቻ አላለቀሰችም። በሰው መሐል ገብታ እጁን ይዛ አስነሣችው፤ እንደ ልጅ ተከተላት።

እንየው ለምሳ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ አይቷል። ምግቡን ሳይበላ «ነግሬህ ነበር፣ የሱፍ» ብሎኝ ሄደ።

ጥር 13

ሰው ወደ ቤት ይጎርፋል። የታመመ፣ ልጅ ያጣች፣ ዱዓ አድርግልን የሚሉ። አንዱ ከሐይቅ በእግሩ መጥቷል። ሀምዱ ጓዳ ተደብቆ አስጠራኝ።

«አያ፣ ንገራቸው።»

«ምን ልንገራቸው?»

«ረሳሁት በላቸው። እኔ ስንኝ ጠፍቶኝ ነው ያለቀስኩት። ስለረሳሁ እጄን ይስሙኛል። ወላሂ፣ ያቃጥለኛል። አንተ ብትነግራቸው ያምኑሃል። ከዚያ ምናልባት የሚረዳኝ አገኛለሁ። እንዲህ እየሳሙኝ ግን ማን ይረዳኛል?»

«ትንሽ ቀን ይለፍ» አልኩት።

«‹ነገ› አትልም?» አለና ሳቀ። የራሱ ቃል ነው።

ወጥቼ ለሰዎቹ ደክሞታል፣ በሌላ ቀን ኑ አልኳቸው። እየመረቁን ሄዱ።

ጥር 14

ሲነጋ ሀምዱ የለም። ሐዋ ኮምቦልቻ መውረዱን ከአውቶቡስ ተራ ሰምታ ልጅቷን አዝላ ተከተለችው። ስትወጣ አልተሰናበተችኝም።

ጥር 19

ሸህ አብዱልወሀብ የጻፍኩትን እንድሰጣቸው ጠየቁ፤ መጻፌን ከእማ ሰምተዋል። አልተቆጡም። «ይጻፍ፣ ዘመኑ ነው» አሉ። ስንት አለህ ሲሉኝ ሰማንያ አልኳቸው።

ሃያ ሰባት ጎደለ። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ የት እንደሚወጣ የት እንደሚወርድ ሀምዱ አሳይቶኛል። ክፍተቱን መሙላት ጀምሬያለሁ። ጠፋ ከሚባል ይህ ይሻላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይለየዋል? አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚለየው።

ጥር 24

ደብተሩን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። አንተ ዋሽተሃል እንዲለኝ ሳይሆን አይቀርም።

መጋዘኑ ተከፍቷል። ሀምዱ ደህና ተቀበለኝ። ሸሚዙ ተገልብጦ ተቆልፏል። እማን ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ። ደብተሩን ሰጠሁት። በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበ። እኔ የሠራሁት የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። 

*ናፍቆቴን ልመዝን ሚዛን የለኝ እኔ፣*
*አንቱው ይስፈሩልኝ ያነባውን ዓይኔ።*

ድሮ ቢሆን ሀምዱ ራሱ፣ አባባ ሚዛንን ከደጅ አሳልፎ እንደማያስገባ ከኔ ቀድሞ ይነግረኝ ነበር። አባባ በሕይወቱ የገበያ ቃል በመንዙማ ውስጥ አላስገባም።

«ይኸው!» አለ ሀምዱ። «ይኸው፣ አያ! ይሄን ነበር ያጣሁት። ያን ቀን የጠፋኝ ይኼ ነው። አባባ እዚህ ላይ ነበር የሚያለቅሰው።» ገጹን ሳመው። ግንባሩ ላይ አደረገው። «ከየት አገኘኸው?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ» አልኩት።

«እኔ?»

«አንተ።»

ደስታው ፊቱ ላይ ሲበራ አየሁት። እዚያው አወረደው፣ በርሜሉን እየመታ፣ የኔን ስንኝ በአባባ ድምፅ። ሐዋ ደጃፉ ላይ ልጅቷን ታቅፋ ቆማ ታየኝ ነበር። 

ሳይጨርሰው አንድ ገበሬ ቅቤ ይዞ ገባ። ሀምዱ ቅጠሉን ገለጠ፣ አፍንጫውን አቀረበ፣ ዓይኑንም እንደ ድሮው ጨፈነ።

«ጥሩ ቅቤ ነው» አለ።

ሳልቀምስ የማላውቀው እኔ፣ ከበሩ ቆሜ ሞራው ሸተተኝ።

ገበሬው አላየኝም። ሀምዱ ቀና ብሎ አየኝ፤ «እንያዘው፣ አያ?» አለኝ።

«ያዘው» አልኩትና ወጣሁ።